የተፈለጉት ፊደላት ያሉባቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ማግኘት፦ ለቃላት ጨዋታ ዝርዝር መመሪያ

«ሦስተኛው ፊደል አር፣ የመጨረሻው ኢ የሆነ ባለአምስት ፊደል ቃል አምጡ» ሲባል ብዙ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ማየት ይጀምራል። «ላርጅ» የሚለውን ቃል በየቀኑ የሚጠቀም ሰው እንኳ በዚያች ሰዓት አይመጣለትም። ከጓደኞቼ ጋር ለዓመታት ስጫወት ደጋግሜ ያየሁት ችግር አንድ ነው፦ ቃሉን በጆሯችን እንፈልገዋለን። የእኛ ፊደል የተሰማውን ስለሚጽፍ ጆሯችንን ማመን ለምደናል። እንግሊዝኛ ግን የሚሰማውን ሁሉ እንደተሰማ አይጽፍም፤ የጻፈውንም ሁሉ አያሰማም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች ፍለጋውን ከጆሮ ወደ ዓይን፣ ከድምፅ ወደ ቦታ የሚያዞሩ ናቸው። ቅደም ተከተላቸውን ጠብቁ፤ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደረጃዎች አትዝለሉ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

የፊደላቱን ስም አስተካክላችሁ ያዙ። በዚህ ጽሑፍ ፊደላቱን በስማቸው እጠራለሁ፤ ቃል ስዘረዝር በሰረዝ እለያያቸዋለሁ። ለምሳሌ «ላርጅ» ሲዘረዘር ኤል-ኤ-አር-ጂ-ኢ ነው። ከሁሉ በላይ ሦስቱን አትቀላቅሉ፦ ኤ የፊደል ተራው የመጀመሪያ፣ ኢ አምስተኛው፣ አይ ደግሞ ዘጠነኛው ነው። ስማችንንና የአገር ስም በእንግሊዝኛ ስንጽፍ «ኢ» የሚለውን ድምፅ በዘጠነኛው ፊደል መጻፍ ስለለመድን፣ «ኢ» ሲባል እጃችን ሳናስበው ወደዚያ ይሄዳል። ጂ ሰባተኛው፣ ጄ አሥረኛው ነው። በስልክ እየተነጋገራችሁ የምትጫወቱ ከሆነ የሚያጠራጥረውን ፊደል በቁጥሩ አረጋግጡ።

ጨዋታው የትኛውን የቃላት ዝርዝር እንደሚቀበል እወቁ። በሰሜን አሜሪካ የስክራብል (ፊደል የተጻፈባቸውን ጠጠሮች ሰሌዳ ላይ እየገጣጠሙ ቃል የሚሠሩበት ጨዋታ) ውድድር የሚሠራበት ዝርዝር ከ200,000 ያነሱ ቃላት አሉት፤ በሌላው ዓለም በብዛት የሚሠራበት የኮሊንስ ዝርዝር ደግሞ ወደ 280,000 ይጠጋል። ዜድ-ኤ በሁለቱም ያልፋል፤ ዜድ-ኦ የሚያልፈው ግን በኮሊንስ ብቻ ነው። ዎርድል (አንድ ባለአምስት ፊደል ቃል በስድስት ግምት የሚፈለግበት ጨዋታ) ሲጀመር ለመልስነት የተመረጡት 2,300 ገደማ የታወቁ ቃላት ነበሩ፤ እንደ ግምት የሚቀበላቸው ግን ከ12,000 በላይ ነበሩ። ስለዚህ ዎርድል ስትጫወቱ መልሱን ከብርቅ ቃላት መካከል አትፈልጉ፤ በተለይ ኤስ በመጨመር ብቻ የበዛ ስም መልስ ይሆናል ብላችሁ ዕድል አታባክኑ። ስፔሊንግ ቢ (አንዱ መሃል ላይ ከሆነ ሰባት ፊደላት ቃላት የሚሠሩበት ጨዋታ) ከአራት ፊደል በታች አይቀበልም፤ የመሃሉን ፊደል የግድ ይፈልጋል፤ አንዱን ፊደል ግን ደጋግሞ መጠቀም ይፈቅዳል። ይህን የመጨረሻውን ነገር የማያውቁ ተጫዋቾች ግማሹን ቃል ሳያዩት ያልፋሉ።

ወረቀትና እርሳስ አቅርቡ። በጭንቅላት ብቻ የሚፈልግ ሰው አንዱን ቃል አሥር ጊዜ ይፈትናል። የተፈተነ ቃል ተጽፎ ሲሰረዝ ነው አእምሮ የሚለቀው።

ማስጠንቀቂያ። ከሰው ጋር እየተጫወታችሁ ሳለ በደረጃ 6 የሚመጡትን መፈለጊያዎች አትክፈቱ። እነሱ ለልምምድ፣ ለብቻ ለሚሞሉ እንቆቅልሾችና ጨዋታው ካለቀ በኋላ ምን እንዳመለጠ ለማየት ናቸው።

## ደረጃ 1፦ የምታውቁትን በሦስት መስመር ለዩ

1. በመጀመሪያው መስመር ቦታቸው የታወቀ ፊደላትን ከነቦታቸው ጻፉ።
2. በሁለተኛው መስመር በቃሉ ውስጥ እንዳሉ የታወቁ፣ ቦታቸው ግን ያልታወቀ ፊደላትን ጻፉ። ከእያንዳንዱ አጠገብ የት *ሊሆን እንደማይችል* ጨምሩ።
3. በሦስተኛው መስመር የሌሉትን ፊደላት ጻፉ።

በሁለተኛው መስመር ላይ «የማይሆንበትን ቦታ» መጻፍ የሚረሳ ሰው ብዙ ነው። ዎርድል ላይ አረንጓዴ ፊደል በትክክለኛ ቦታው ነው፣ ግራጫው የለም፤ ቢጫ የሆነ ፊደል ግን ሁለት ነገር ነው የሚነግራችሁ፦ አለ፣ እዚህ ግን አይደለም። ሁለተኛውን ካልጻፋችሁት ግማሹን መረጃ ጣላችሁት ማለት ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። የመጀመሪያ ግምታችሁ ኤስ-ቲ-ኤ-አር-ኢ ነበር እንበል። ኤስና ቲ ግራጫ ሆኑ፤ ኤና አር ቢጫ፣ ኢ አረንጓዴ። ሦስቱ መስመሮች እንዲህ ይሆናሉ፦

- የታወቀ ቦታ፦ አምስተኛው ኢ
- አሉ፦ ኤ፣ ሦስተኛ አይደለም፤ አር፣ አራተኛ አይደለም
- የሉም፦ ኤስ፣ ቲ

ስለ ተደጋጋሚ ፊደል፦ አንድ ፊደል በአንድ ግምት ውስጥ ሁለት ጊዜ ገብቶ አንዱ ቢጫ ወይም አረንጓዴ፣ ሌላው ግራጫ ከሆነ ፊደሉ የለም ማለት አይደለም፤ በትክክል አንድ ጊዜ ብቻ አለ ማለት ነው። ግራጫውን አይታችሁ ወደ ሦስተኛው መስመር ብትወስዱት ትክክለኛውን መልስ በእጃችሁ ሰረዛችሁት።

## ደረጃ 2፦ ሣጥን ሥሩና ፊደላቱን በየቦታው አስቀምጡ

ቃል ለማሰብ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ባዶ ሣጥኖችን ሥሩና የሚንከራተቱትን ፊደላት በሚቻለው ቦታ ሁሉ አስቀምጧቸው። በምሳሌያችን ኤ ሊሆን የሚችለው አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም አራተኛ ነው። አር ደግሞ አንደኛ፣ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ኤ አራተኛ ከሆነ ቃሉ በኤ-ኢ ሊያልቅ ነው፤ እንዲህ የሚያልቁት በጣም ጥቂት ስለሆኑ ለጊዜው ወደ ጎን አድርጉት። የሚቀሩት አራት ቅርጾች ናቸው፦

- ኤ-አር-?-?-ኢ
- ኤ-?-አር-?-ኢ
- አር-ኤ-?-?-ኢ
- ?-ኤ-አር-?-ኢ

አሁን ቅርጾቹን አንድ በአንድ ሙሉ። ከመጀመሪያው ኤ-አር-ጂ-ዩ-ኢ ይወጣል። ከሁለተኛው ኤ-ጂ-አር-ኢ-ኢ። ከሦስተኛው አር-ኤ-ኤን-ጂ-ኢ። አራተኛው ሀብታም ነው፦ ኤል-ኤ-አር-ጂ-ኢ፣ ቢ-ኤ-አር-ጂ-ኢ፣ ሲ-ኤ-አር-ቪ-ኢ፣ ኤፍ-ኤ-አር-ሲ-ኢ። ከሚታወቁት ቃላት ሰባት አገኘን፤ ከሰባቱም አምስቱ ውስጥ ጂ አለ። «አር፣ ኤ፣ ኢ ያለበት ቃል» እያላችሁ ጣሪያ ብታዩ ግን ጂ ትዝ የሚላችሁ በዕድል ነበር።

ባዶውን ሣጥን ለመሙላት ሀ ሁ ብሎ እንደመቁጠር ከቢ እስከ ዜድ በተራ መሄድ አያሳፍርም። ?-ኤ-አር-?-ኢ ላይ ቢን አስቀምጡ፣ ቀጥሎ ሲን፣ ቀጥሎ ዲን። አሰልቺ ይመስላል፤ ሃያ አምስት ፊደል ግን ከግማሽ ደቂቃ አያልፍም።

### ፊደላት የሚወዱት ቦታ

ሣጥኑን ስትሞሉ እነዚህን አስቡ፤ ፍለጋውን በግማሽ ይቀንሱታል።

- ኪው ከኋላው ዩን ያስከትላል። የተለዩት ጥቂት ናቸው፤ በደረጃ 5 ይመጣሉ።
- ቪ የቃል መጨረሻ መሆን አይወድም። መጨረሻ ላይ «ቭ» ከተሰማ ቪ-ኢ ብላችሁ ጻፉ።
- ጄም መጨረሻ ላይ የለም ማለት ይቻላል። በአብዛኛው ከፊት ነው።
- ኤች ብቻውን ከሚቆም ይልቅ ከሲ፣ ከኤስ፣ ከቲ፣ ከደብሊው፣ ከፒ ወይም ከጂ ኋላ መለጠፍ ይወዳል።
- ኬ መጨረሻ ላይ ከሆነ ከፊቱ ሲ፣ ኤን፣ አር ወይም ኤስ መኖሩን ፈትኑ።
- ኤክስ ሁለተኛ ወይም የመጨረሻ ቦታ ይስማማዋል።
- ዋይ መጨረሻ ላይ ይበዛል፤ አይና ዩ ግን መጨረሻ ላይ ብርቅ ናቸው።

## ደረጃ 3፦ ድምፁን ወደሚጻፍባቸው ፊደላት ሁሉ ዘርዝሩ

የአማርኛ ተናጋሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እዚህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ቃሉ ትዝ ይላችኋል፤ ፊደሉ ግን አይገጥምም፤ ስለዚህ ትተዉታላችሁ። አትተዉት። ድምፁ በምን በምን ሊጻፍ እንደሚችል ፈትኑ።

«ራይት» የሚለውን ድምፅ ውሰዱ። ቀኝ ወይም ትክክል ሲሆን አር-አይ-ጂ-ኤች-ቲ ነው። መጻፍ ሲሆን ደብሊው-አር-አይ-ቲ-ኢ። ሁለቱም ባለአምስት ፊደል ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ ነው፤ የሚጋሩት ግን ሦስት ፊደል ብቻ፣ አር፣ አይና ቲን ነው፤ ከሦስቱ አንዱም በሁለቱ ቃላት ውስጥ አንድ ቦታ ላይ አልተቀመጠም፤ አይ እንኳ በአንዱ ሁለተኛ፣ በሌላው ሦስተኛ ነው። በጆሮ የሚፈልግ ሰው አንዱን ፈትኖ ሲወድቅበት ሌላውንም አብሮ ይጥለዋል።

ይህን ዝርዝር ከወረቀታችሁ ጫፍ ላይ ጻፉት፦

- «ክ» ከተሰማ፦ ሲ፣ ኬ፣ ሲ-ኬ፣ ሲ-ኤች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ኪው-ዩ-ኢ። «ኮረስ» በሲ-ኤች ይጀምራል፤ «ዩኒክ» በኪው-ዩ-ኢ ያልቃል።
- «ፍ»፦ ኤፍ፣ ፒ-ኤች፣ ጂ-ኤች። «ላፍ»፣ ማለትም መሳቅ፣ ኤል-ኤ-ዩ-ጂ-ኤች ነው።
- «ን» ከፊት፦ ኤን ወይም ኬ-ኤን። ከኋላ ደግሞ ጂ-ኤን፣ እንደ «ሳይን»።
- «ር» ከፊት፦ አር፣ ደብሊው-አር፣ አር-ኤች።
- «ሽ»፦ ኤስ-ኤች፣ ቲ-አይ፣ ሲ-አይ፣ ኤስ-ኤስ-አይ፣ አንዳንዴም ሲ-ኤች፣ እንደ «ማሺን»።
- «ጅ»፦ ጄ፣ ጂ፣ መጨረሻ ላይ ጂ-ኢ ወይም ዲ-ጂ-ኢ።
- «ስ»፦ ኤስ፣ ሲ፣ ኤስ-ሲ፣ መጨረሻ ላይ ኤስ-ኤስ ወይም ሲ-ኢ።
- «ዝ» ወይም «ስ» ብለን የምንጠራው ምላስ በጥርስ መሃል የሚወጣ ድምፅ፦ ቲ-ኤች። «ስሪ» ብለን የምንጠራው የሦስት ቁጥር ስም ኤስ የለበትም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የማይሰማው የመጨረሻ ኢ ነው። ላርጅ፣ ካርቭ፣ ሬንጅ በአማርኛ ስንጽፋቸው በሳድስ ያልቃሉ፤ ጆሯችን ኢ እንዳለ ፍንጭም አያገኝም። ስለዚህ «በኢ የሚያልቅ» ሲባል «ኢ» ተብሎ የሚጮህ ቃል አትፈልጉ። በተነባቢ የሚያልቅ የሚመስለውን ቃል ሁሉ ከኋላው ኢ እየጨመራችሁ ፈትኑ። ተቃራኒውም አለ፦ መጨረሻ ላይ «ኢ» የሚሰማው ቃል በአብዛኛው በዋይ ነው የሚጻፈው።

## ደረጃ 4፦ ቅጥያውን ቁረጡና የቀረውን አሸጋሽጉ

ቦታ ያልተሰጣችሁ፣ ፊደላት ብቻ በእጃችሁ ያሉ ከሆነ፣ ማለትም ስክራብልና ስፔሊንግ ቢ ላይ፣ ቃሉን በአንድ ጊዜ ለማየት አትሞክሩ።

1. ፊደላቱን አናባቢና ተነባቢ ብላችሁ ለዩ።
2. እነዚህ ቅጥያዎች ይወጡ እንደሆነ እዩ፦ ከኋላ አይ-ኤን-ጂ፣ ኢ-ዲ፣ ኢ-አር፣ ኤል-ዋይ፣ ኤ-ኤል፣ ቲ-አይ-ኦ-ኤን፣ ኤን-ኢ-ኤስ-ኤስ፤ ከፊት አር-ኢ፣ ዩ-ኤን፣ ዲ-አይ-ኤስ፣ ፒ-አር-ኢ።
3. ቅጥያውን ከጎን አስቀምጡና የቀሩትን ሦስት አራት ፊደላት ብቻ አሸጋሽጉ።
4. አልሆነ ካለ ቅጥያውን መልሱና ሌላ ቁረጡ።

በእጃችሁ ኤ፣ ኢ፣ ጂ፣ አይ፣ ኤን፣ አር፣ ቲ አሉ እንበል። አይ-ኤን-ጂን ቁረጡ። የቀረው ቲ፣ ኢ፣ ኤ፣ አር ነው፤ ይህ ደግሞ «ቲር»፣ መቅደድ ነው። ሲገጣጠም ቲ-ኢ-ኤ-አር-አይ-ኤን-ጂ፣ ሰባቱም ወጡ። ስክራብል ላይ ሰባቱን በአንድ ጊዜ ማውረድ ከቃሉ ነጥብ ሌላ 50 ነጥብ ያስገኛል። ሰሌዳው ላይ ለዚህ ቃል ቦታ ከሌለ ግን እነዚሁ ፊደላት ጂ-አር-ኤ-ኤን-አይ-ቲ-ኢ እና አይ-ኤን-ጂ-አር-ኤ-ቲ-ኢም ይሆናሉ። አንድ ስላገኛችሁ አትቁሙ፤ የሚገጥመው ሁለተኛው ሊሆን ይችላል።

ስፔሊንግ ቢ ላይ ደግሞ መደጋገም ስለሚፈቀድ ቅጥያ መቁረጡ ከዚህም በላይ ይከፍላል። ሰባቱ ፊደላት ኤ፣ ሲ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤን፣ ኦ፣ ቲ ቢሆኑ ቲ-አይ-ኦ-ኤንን ቁረጡ። የቀሩት ኤ፣ ሲ፣ ኤል ናቸው፤ ኦን ድጋሚ ልትጠሩት ትችላላችሁ። «ሎኬሽን» ወዲያው ይመጣል። ኤልና ኤ ሲደጋገሙ «አሎኬሽን»፤ ኤልን ብቻ በመድገም «ኮሌሽን»፤ አይና ኦን በመድገም «ኮአሊሽን»። አራቱም ሰባቱን ፊደል የያዙ ናቸው፤ ሰባቱን የያዘ ቃል ደግሞ ከርዝመቱ በላይ 7 ነጥብ ይጨመርለታል። እኔ እንዲህ ያለውን ሰንጠረዥ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ቲ-አይ-ኦ-ኤን አለ?» ብዬ ነው፤ ካለ ሌላውን ሁሉ አቆያለሁ።

ዓይናችሁ ደርቆ አንድ ቃል ብቻ እየታየው ከቸገረ ፊደላቱን በክብ ጻፏቸው። በመስመር የተደረደሩ ፊደላት ከግራ ወደ ቀኝ ብቻ ይነበባሉ፤ በክብ ሲሆኑ መነሻ የላቸውም።

## ደረጃ 5፦ አስቸጋሪዎቹን ፊደላት በአጭር ቃል አስወጡ

ስክራብል ላይ ኪውና ዜድ 10፣ ጄና ኤክስ 8 ነጥብ አላቸው፤ እያንዳንዳቸውም ከ100ዎቹ ጠጠሮች ውስጥ አንድ አንድ ብቻ ናቸው። ስህተቱ ትልቅ ቃል እስኪመጣ ይዞ መጠበቅ ነው። ኪው እጃችሁ ላይ እያለ ሌላው ቢጨርስ ከእናንተ 10 ይቀነሳል፣ ለጨረሰው 10 ይጨመራል፤ ልዩነቱ 20 ሆነ ማለት ነው። በዚህች 20 የተሸነፍኩበትን ጨዋታ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ መውጫዋ ባለሁለት ፊደል ቃል ሰሌዳው ላይ ቦታ ነበራት፣ አላውቃትም ነበር።

እነዚህን በቃል ያዙ፤ በሁለቱም ዝርዝሮች ያልፋሉ፦

- ኪው ያለ ዩ፦ ኪው-አይ፣ ኪው-ኤ-ቲ፣ ኪው-ኤ-አይ-ዲ፣ ኪው-ኦ-ፒ-ኤች፣ ኤፍ-ኤ-ኪው-አይ-አር
- ዜድ፦ ዜድ-ኤ፣ ዜድ-ኦ-ኦ፣ ኤ-ዲ-ዜድ-ኢ
- ኤክስ፦ ኤ-ኤክስ፣ ኢ-ኤክስ፣ ኦ-ኤክስ፣ ኤክስ-አይ፣ ኤክስ-ዩ። ከኤ፣ ከኢና ከኦ ኋላ ይገባል፤ እንዲህ የሚመች ፊደል የለም።
- ጄ፦ ጄ-ኦ
- ኬ፦ ኬ-አይ፣ ኬ-ኤ

ቪ ያለበት ባለሁለት ፊደል ቃል የለም፤ አትፈልጉ። ሲ ያለበትም በአሜሪካው ዝርዝር የለም፤ በኮሊንስ ሲ-ኤች ብቻ አለ። ባለሁለት ፊደል ቃላት በየትኛውም ዝርዝር ከ130 ስለማይበልጡ በቀን አሥር አሥር ብታጠኑ በሁለት ሳምንት ታልቃላችሁ።

አናባቢ ሲጠፋ ዋይን ፈልጉ፦ ኤም-ዋይ-ቲ-ኤች፣ ኤል-ዋይ-ኤን-ኤክስ፣ አር-ኤች-ዋይ-ቲ-ኤች-ኤም። ዋይም ከሌለ ኤስ-ኤች፣ ኤች-ኤም፣ ኤች-ኤም-ኤም፣ ፒ-ኤስ-ኤስ-ቲ፣ ኤን-ቲ-ኤች፣ ሲ-ደብሊው-ኤም አሉ። አናባቢ ሲበዛ ደግሞ ኤ-ኤ፣ ኤ-ኢ፣ ኤ-አይ፣ ኦ-ኢ፣ ኦ-አይ ያቀልሏችኋል።

## ደረጃ 6፦ በመፈለጊያ ስትፈልጉ ቅርጹን በትክክል ጻፉ

እዚህ ፊደላቱን የምትጽፉት በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው። ዋንሉክን በመሰሉ የቃላት መፈለጊያዎች ላይ ሁለት ምልክቶች ዋናዎቹ ናቸው፦

- ? አንድ ፊደል ብቻ ይተካል።
- \* ምንም ያህል ፊደል ይተካል፤ ባዶንም ጨምሮ።

የሚሳሳቱት እነዚህን በማቀያየር ነው። ባለአምስት ፊደል ቃል ፈልጋችሁ ኮከብ ካስገባችሁ በሺህ የሚቆጠር ውጤት ይመጣል። ርዝመቱ ከታወቀ ጥያቄ ምልክት ብቻ ተጠቀሙ፤ አርን ሦስተኛ፣ ኢን አምስተኛ ለማድረግ ሁለት ጥያቄ ምልክት፣ አር፣ አንድ ጥያቄ ምልክት፣ ኢ። «የትም ይሁን ብቻ ይኑር» ለማለት ደግሞ ፊደሉን በሁለት ኮከብ መሃል አድርጉ። ዋንሉክ ላይ ከቅርጹ ኋላ የመቀነስ ምልክትና ፊደላት ብትጨምሩ እነዚያ ያሉባቸውን ቃላት ያስወጣል፤ የደረጃ 1 ሦስተኛ መስመር የሚገባው እዚያ ነው። ውጤቱ ውስጥ የሰውና የቦታ ስም፣ ሐረግና ምሕፃረ ቃልም ስለሚቀላቀል ያገኛችሁትን ሁሉ ቃል ነው ብላችሁ አትቀበሉ።

### በኤክሴል የራሳችሁን መፈለጊያ ማዘጋጀት

ኢንተርኔት በሌለበት ለመለማመድ ይህ ይሻላል። ኢኔብል የሚባለው ነፃ የቃላት ዝርዝር ከ172,000 በላይ ቃላት አሉት፤ ሙሉው በአንድ ገጽ ይገባል።

1. ባዶ ገጽ ክፈቱና የመጀመሪያውን ዓምድ በሙሉ መርጣችሁ ዓይነቱን «ቴክስት» አድርጉ። ይህን ከመለጠፋችሁ በፊት አድርጉ፤ አለበለዚያ ኤክሴል «ትሩ» እና «ፎልስ» የሚሉትን ቃላት የእውነት‑ሐሰት ዋጋ አድርጎ ይወስዳቸውና ከፍለጋ ይጠፋሉ።
2. አንደኛውን ረድፍ ለርዕስ ተዉ፤ ዝርዝሩን ከሁለተኛው ረድፍ ጀምራችሁ ለጥፉ።
3. ዓምዱን ገልብጣችሁ ከጎኑ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ለጥፉ። አንዱ ዓምድ በአንድ ጊዜ ከሁለት ቅድመ ሁኔታ በላይ ስለማይቀበል ነው።
4. «ዳታ» ከሚለው ውስጥ «ፊልተር»ን አብሩ። ከሚወርደው ዝርዝር ላይ እየመረጣችሁ አትፈልጉ፤ የሚያሳየው የመጀመሪያዎቹን 10,000 ብቻ ነው። «ቴክስት ፊልተር» የሚለውን ክፈቱ።
5. በአንደኛው ዓምድ «ኢኳልስ» ብላችሁ ቅርጹን ከነጥያቄ ምልክቱ አስገቡ። በሁለተኛው «ኮንቴይንስ» ብላችሁ የግድ ያለውን ፊደል። በሦስተኛው «ደዝ ኖት ኮንቴይን» ብላችሁ የሌሉትን፣ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት።

ማስጠንቀቂያ፦ በአምስተኛው ላይ ሁለት የሌሉ ፊደላትን ስታስገቡ በመሃላቸው ያለው ምርጫ «ኤንድ» (እና) መሆን አለበት፤ «ኦር» (ወይም) ከሆነ የሚያስወጣው ሁለቱም ፊደላት ያሉባቸውን ቃላት ብቻ ነው። ሁለት ፊደላትን አያይዛችሁ ብትጽፉም የሚያስወጣው ተከታትለው የመጡበትን ቃል ብቻ ነው።

### ሰው ሠራሽ አስተውሎትን ብትጠይቁ

የውይይት ፕሮግራሞች ጽሑፍን የሚያዩት በቁርጥራጭ እንጂ ፊደል በፊደል ስላልሆነ፣ «አራተኛው ፊደል ጂ የሆነ» ስትሏቸው በሙሉ ልብ የተሳሳተ ቃል ሊሰጡ ይችላሉ። የሰጧችሁን ቃል ሁሉ በጣት እየቆጠራችሁ ፈትኑ።

## ደረጃ 7፦ ከተገኙት ውስጥ የሚለየውን ምረጡ

ወደ ሰባቱ ቃላት እንመለስ። ቀጣዩ ግምት የትኛው ይሁን? ኤል-ኤ-አር-ጂ-ኢን ብትሞክሩ እንዲህ ይለያል፦

- ኤል ብቻ ግራጫ ከሆነ መልሱ ቢ-ኤ-አር-ጂ-ኢ ነው።
- ኤና ጂ አረንጓዴ፣ አር ቢጫ ከሆነ አር-ኤ-ኤን-ጂ-ኢ።
- አር አረንጓዴ፣ ጂ ቢጫ ከሆነ ኤ-ጂ-አር-ኢ-ኢ።
- ኤ፣ አርና ጂ ሁሉም ቢጫ ከሆኑ ኤ-አር-ጂ-ዩ-ኢ።
- ጂ ግራጫ ከሆነ የሚቀሩት «ካርቭ» እና «ፋርስ» ሁለቱ ናቸው።

በአንድ ግምት ሰባቱን ወደ አንድ ወይም ሁለት አወረዳችሁ። ሲ-ኤ-አር-ቪ-ኢን ብትሞክሩ ኖሮ ግን «ላርጅ» እና «ባርጅ» ሳይለዩ ይቀሩ ነበር፤ ኤ-ጂ-አር-ኢ-ኢን ብትሞክሩም እንዲሁ።

በአንድ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ቃላት ሲበዙ አካሄዱ ይለወጣል። የመጨረሻዎቹ አራት ኤ-ቲ-ሲ-ኤች መሆናቸው ከታወቀ «ባች»፣ «ካች»፣ «ሃች»፣ «ላች»፣ «ማች»፣ «ፓች»፣ «ዋች» ሰባቱም ይሆናሉ፤ አንድ በአንድ ከሞከራችሁ ስድስቱ ዕድል ያልቃል። እንደማይሆን እያወቃችሁ ቢ-ኤል-አይ-ኤም-ፒን አስገቡ። በአንድ ጊዜ ቢ፣ ኤል፣ ኤም፣ ፒ ይፈተናሉ። አንዱ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ካሳየ መልሱ ተገኘ፤ አራቱም ግራጫ ከሆኑ የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው። ዕድል ያባከናችሁ ይመስላችኋል፤ ያተረፋችሁ ግን በዚህ ነው። ጨዋታው በከባዱ ስልት (የተገኙትን ፊደላት በቀጣዩ ግምት ሁሉ እንድትጠቀሙ በሚያስገድደው) ከተከፈተ ይህ አይፈቀድም፤ ስለዚህ በዚያ ስልት ስትጫወቱ ገና በሁለተኛው ግምት ብዙ መንትያ ያላቸውን መጨረሻዎች ሽሹ።

## ቃሉ አልገኝ ሲል

ምንም ውጤት አልመጣም። መጀመሪያ ኢና አይ ተቀያይረው እንደሆነ እዩ። ቀጥሎ የጥያቄ ምልክቶቹን ቁጠሩ፤ አንድ መጉደል ወይም መብዛት የተለመደ ነው።

ሁሉንም ፊደል ሞከርኩ፣ የለም። ፊደል ሊደገም እንደሚችል ረሳችሁ ይሆናል። «አግሪ» ውስጥ ኢ ሁለት ጊዜ አለ፤ ያገኛችሁትን አረንጓዴ ፊደል ባዶዎቹ ሣጥኖች ውስጥ ድጋሚ አስገቡት።

ቃሉ ትክክል ነው፣ ጨዋታው ግን አልተቀበለም። የእንግሊዝና የአሜሪካ አጻጻፍ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ቀለም በአንዱ በኦ-ዩ-አር፣ በሌላው በኦ-አር ያልቃል፤ ማዕከልም በአንዱ በቲ-አር-ኢ፣ በሌላው በቲ-ኢ-አር። በትልቅ ፊደል የሚጀመር የተጸውዖ ስም ደግሞ ከነዚህ ጨዋታዎች በየትኛውም አያልፍም።

መፈለጊያው የማላውቃቸውን ቃላት ብቻ ሰጠኝ። ለዎርድል ከሆነ ሁሉንም ተዉና ወደ ደረጃ 1 ተመለሱ፤ ከሦስቱ መስመሮች በአንዱ ላይ የተሳሳተ ፊደል አለ። ለስክራብል ከሆነ አጭሩን ምረጡና ውድድሩ በሚሠራበት ዝርዝር ላይ መኖሩን ሳታረጋግጡ አታውርዱት፤ ተቃዋሚው ከተቃወመና ቃሉ ከሌለ ጠጠሮቻችሁን አንስታችሁ ተራችሁን ታጣላችሁ።